ጉዳዩ፦ የልጄን ታክስ አበላሽታችሁ ጥፋቱን በልጄ ላይ ስለማላከካችሁ

ለታክስ ቢሮው ኃላፊ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ።

ፋይላችን እናንተ ጋር ስላለ ማን እንደሆንን መዘርዘር አያስፈልገኝም። በስልክ ላገኝዎ ብዙ ሞክሬያለሁ። «ኃላፊው ይደውሉልሻል» ይሉኛል፤ የደወለ ግን የለም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቢሯችሁ ውስጥ የሆነውን በጽሑፍ ላሳውቅዎ።

ከዚያ በፊት ግን የፌብሩዋሪውን ላስታውስ። ልጄ ከአሠሪው የተሰጠውን የደመወዝ ወረቀት፣ ደብልዩ-ቱውን፣ ይዞ ሠራተኛችሁ ፊት ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሠራተኛው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቀው፤ 16 አለ። ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቀው። ልጄም በራሱ አንደበት «ከእናትና ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው፣ የእነሱ ዲፔንደንት ነኝ» ብሎ መለሰ፤ እኛ የምናስተዳድረው ነው ማለቱ ነው። ሠራተኛው «ጎበዝ» ብሎ ጻፈ። 150 ዶላር ከፈልኩ። ስወጣ «ይሄ ነገር የእኛን ታክስ አይነካብንም?» ብዬ ጠየቅሁ። «ምንም አያስቡ፣ ችግር ከመጣ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን፣ በነፃ እናስተካክላለን» አለኝ። ይህን ቃል ነው ይዤ የሄድኩት።

ልጁ ታክስ ፋይል የማድረግ ግዴታ እንኳን አልነበረበትም። በ2024 ሱፐርማርኬት ውስጥ ሠርቶ ያገኘው 6,800 ዶላር ነው፤ ሌላ ገቢ የለውም። ለዚያ ዓመት ደመወዝ ብቻ ያለው ዲፔንደንት ልጅ የግድ ፋይል የሚያደርገው ከ14,600 ዶላር በላይ ሲያገኝ ነው። የመጣነው ከደመወዙ የተቆረጠውን 312 ዶላር የፌዴራል ታክስ ለማስመለስ ብቻ ነው። ላቡን ያፈሰሰበት ገንዘብ ስለሆነ እንዲቀርበት አልፈለግሁም።

እናንተ ግን የፌዴራሉ ታክስ ቅጽ 1040 ላይ «ሌላ ሰው እንደ ዲፔንደንት ሊይዝህ ይችላል» የሚለውን ሳጥን ሳትሞሉ ላካችሁት። የእኔና የባለቤቴ ታክስ በተራው ሲላክ፣ ልጁ ራሱን የቻለ ሆኖ ስለተመዘገበ፣ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ሪጀክት አደረገው። የሁለቱንም ያዘጋጀው ያው ቢሮ፣ ያው ሠራተኛ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ ሳጥኑ ቢሞላ ኖሮ የልጁ ተመላሽ በአንድ ሳንቲም አይቀንስም ነበር። ለ2024 የዲፔንደንት ስታንዳርድ ዲዳክሽን፣ ማለትም ታክስ የማይከፈልበት ገቢ፣ ያገኘው ደመወዝ ሲደመር 450 ዶላር ነው። 6,800 ላይ 450 ሲጨመር 7,250 ይሆናል፤ ከገቢው ይበልጣል። በየትኛውም መንገድ 312ቱ ይመለስለት ነበር። እሱ ምንም ላያተርፍ፣ የእኛ ተመላሽ ታገደ። ዲሴምበር 31፣ 2024 ላይ 17 ዓመት ስላልሞላው የሚገባን የ2,000 ዶላር የልጅ ክሬዲትም እዚያው ውስጥ አለ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልምጣ። ልጄን ይዤ መጣሁ። ሠራተኛችሁ ኮምፒዩተሩን አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ልጅሽ ራሴን ችያለሁ ብሎ ነዋ የሞላው፣ እሱን ጠይቂው» አለኝ። ቢሮው በሰው ሞልቶ ነበር። «አንተው ነህ የሞላኸው፣ ዲፔንደንት ነኝ ሲልህ እኔም ሰምቻለሁ» አልኩት። ሳቀ። «ልጆች ገንዘብ ሲያዩ ይዋሻሉ፣ አንቺ አታውቂያቸውም» አለ። ልጄ አቀርቅሮ ቀረ። ስለተሰጠኝ ቃል ሳነሳ ደግሞ፣ «ማስተካከያው 200 ዶላር ነው፣ ካልፈለግሽ የራስሽን በወረቀት አትመሽ በፖስታ ላኪው» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት መልስ እየሠራ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን አምጥቶ በእጄ ያስቀመጠ ልጅ ነው። በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ውሸታም ሊባል አይገባውም። እንዲያውም ፋይል ማድረግ በሕግ ግዴታዬ ነው እንዴ ብሎ አስቀድሞ የጠየቀኝ እሱ ነው።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ታክሱን ያዘጋጀው ሰው የሚፈርምበት ቦታ ላይ «ሰልፍ ፕሪፔርድ» ይላል። ስም የለም፣ የታክስ አዘጋጅ መለያ የሆነው የፒቲን ቁጥር የለም። 150 ዶላር ተቀብላችሁ ልጁ ራሱ የሠራው አስመሰላችሁት። ለዚህ ነው ጥፋቱን እሱ ላይ መጣል የቀለላችሁ። ተከፍሎት ታክስ የሚሠራ ሰው መፈረምና የፒቲን ቁጥሩን ማስፈር እንዳለበት እኔ አይደለሁም ለእናንተ የምነግራችሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታክስ በነፃ የሚሠሩት የቪታ ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞች ገና ወረቀቱን ሲያዩ ነው የደነገጡት።

አንዴ ከተነሳ ዝም ያልኩትንም ልናገር። የቨርጂኒያውን ታክስ አብረን እንልካለን ብላችሁ አልላካችሁም። ልጁ ለስቴቱ የተቆረጠበት ገንዘብም አለ፤ የ2024 ገቢው ከ11,950 ዶላር በታች ስለሆነ ሊመለስለት ይገባል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ትልቋን ልጄን «የ2023 ገቢሽ ከ13,850 ዶላር በታች ነው፣ ፋይል ማድረግ አያስፈልግሽም» ብላችሁ መልሳችኋታል። ግዴታ የለባትም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የተቆረጠባትን ለማስመለስ ማድረግ እንደነበረባት ማን ነገራት? ማንም። ደግነቱ ሦስት ዓመት ጊዜ አላት፤ ሌላ ቦታ ታሠራዋለች።

አብራኝ የመጣችውን ጎረቤቴንም ልጇ የልጆች እግር ኳስ ዳኝቶ ያገኘውን የ900 ዶላር 1099፣ ማለትም በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠውን የገቢ ወረቀት፣ ስታሳያችሁ «ከ14,600 በታች ነው፣ ጣዪው» አላችኋት። በራሱ የሚሠራ ሰው ወጪው ተቀንሶ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካተረፈ፣ ልጅም ቢሆን ፋይል ማድረግ አለበት። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ የሚሰላበት እሱ ነው። እሷ ምክራችሁን ብትሰማ ኖሮ ደብዳቤው የሚመጣው በልጇ ስም ነበር። እኛ አበሾች ወደ እናንተ የምንመጣው በቋንቋችን የሚያስረዳን ሰው ስለምንፈልግ ነው። ያመነን ሰው እንዲህ ማሳሳት ነውር ነው።

አሁን የምጠይቀው ይህ ነው። የልጄን የማስተካከያ ቅጽ፣ 1040-ኤክስን፣ ሳጥኑ ተሞልቶ፣ ስማችሁና ፊርማችሁ ተቀምጦበት፣ ያለ ምንም ክፍያ አዘጋጁ። የእኛን ታክስ በወረቀት አትማችሁ፣ እናንተም ፈርማችሁበት፣ ከኤፕሪል 15 በፊት ፖስታ ቤት እንዲደርስ አድርጉ። የፖስታውን ወጪ እናንተ ትችላላችሁ። የቨርጂኒያው ሜይ 1 ድረስ ጊዜ አለኝ ብላችሁ አታዘግዩት፤ አብሮ ይሠራ። የሁሉም ቅጂ ይሰጠኝ። ለልጄ የከፈልኩት 150 ዶላር ይመለስልኝ።

ደብዳቤውን ስጀምር ገንዘቡ ከተመለሰ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አይበቃኝም። ሠራተኛው ልጄን ይቅርታ ይጠይቀው። በስልክ አይደለም፤ በሰው ፊት እንደሰደበው በሰው ፊት፣ በአካል ይሁን። እርስዎም እዚያው ይገኙ።

እስከ ዓርብ ኤፕሪል 11 መልስ ካላገኘሁ ፎርም 14157 ሞልቼ ለአይአርኤስ እልካለሁ። ታክስ አዘጋጆች ላይ ቅሬታ የሚቀርብበት ፎርም መሆኑን ያውቁታል። ያልተፈረመበትን ወረቀትና የከፈልኩበትን ደረሰኝ አያይዛለሁ። ጎረቤቴም የራሷን ትልካለች። ስልኬ ፋይሉ ላይ አለ፤ ከሥራ የምወጣው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ተኩል በኋላ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ይደውሉልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የልጁ እናት