ሳትፈርሙ በፊት ኮሚቴውን ጠይቁ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱና ኮሌጁን ትተው ወደ ኤንቢኤ (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ) ለመግባት የሚያስቡ ልጆች ጉዳይ ያሳስበኛል። ድራፍት የሚባለው የኤንቢኤ ዓመታዊ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሁለት ዙር ቢበዛ 60 ተጫዋች ነው የሚወስደው። ዋስትና ያለው ውል የሚጠብቃቸው በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡት 30ዎቹ ናቸው። ሁለተኛ ዙር የገባ ልጅ ውሉ አንድም ዋስትና ላይኖረው ይችላል። ውሉን ሊደራደርለት የሚፈልገው ወኪል ግን ማታ እናትየው ጋ ደውሎ «ልጅዎ አንደኛ ዙር ነው፣ አያስቡ» ይላል። እሷ በምን ታረጋግጥ?

ወኪሉ ከኤንቢኤ ደሞዝ የሚወስደው ኮሚሽን ከ4 በመቶ አይበልጥም። ልጁ ኮሌጅ ከቆየ ግን ከዚያ ደሞዝ የሚቆረጥ ሳንቲም የለም። ምክሩ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። አሰልጣኙም ቢሆን ልጁ እንዲቆይለት ነው የሚፈልገው፤ እሱንም ብቻ መስማት አያዋጣም።

ደግሞ ከ2021 ወዲህ ተማሪዎች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። መቆየት እንደ ድሮው ባዶ ኪስ ማለት አይደለም።

ኤንቢኤ ተማሪው ስንተኛ ሊመረጥ እንደሚችል የሚገመግም ኮሚቴ አለው። ቤተሰቦች የዚያን ኮሚቴ መልስ በእጃቸው ሳይዙ ልጃቸውን ለማንም እንዳያስፈርሙ አደራ እላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ