እስክሪብቶው በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አገሩ ሁሉ ስለ ፐርሰንት ያወራል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 ደረሰ። ቁጥሩ የወላጅ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ብዙም ሲጻፍ አላየሁም። እኛ ቤት ድንጋጤ ሆነ፤ ድንጋጤው ደግሞ ውሎ ሳያድር «አስጠኚ ፈልጉልን» ሆነ።

ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ። ሒሳብና ፊዚክስ አስቸገራት። አዲስ አበባ ውስጥ አስጠኚ መፈለግ የኪራይ ቤት ከመፈለግ አይለይም። የመብራት ምሰሶው ላይ «ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስደውል ስልኩን ያነሳው አስጠኚ ሳይሆን ደላላ ነው። እሱ እንኳን «ኤጀንሲ ነን» ነው ያለኝ። ክፍሏን ጠየቀ፣ ሰፈራችንን ጠየቀ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምንፈልግ ጠየቀ። ልጅቷን ምን እንደከበዳት ግን አልጠየቀም።

በማግስቱ አንድ የምህንድስና ተማሪ ላከልን። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰዓቱን አያዛንፍም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በወር 4,000 ብር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር፤ የቤት ሥራዋ ሁሉ ራይት በራይት ሆነ። ከዚያ የክፍል ፈተና መጣና ከ20 ያመጣችው 4 ነው።

ማታ ደብተሯን መብራት ስር አድርጌ አየሁት። ከእስክሪብቶው ስር የእርሳስ ጽሑፍ አለ። ልጁ በእርሳስ ይሠራላታል፣ እሷ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ትሄድበታለች። ለአንድ ወር ከምናምን የከፈልኩት ለዚህ ነው።

በልጁ አልፈርድም። በኋላ እንደነገረኝ የመጀመሪያ ወር ክፍያውን ግማሽ የወሰደው ደላላው ነው። ሁለተኛው ወር ሳያልቅ የተሻለ የሚከፍል ቤት አገኘና ሄደ። ደላላው ወዲያው ደውሎ «ሌላ ልተካልዎት?» አለኝ። ይተካላ! አዲስ ሰው ማለት ለሱ አዲስ ኮሚሽን ነው። አስጠኚ አንድ ቤት ዓመት ቢቆይ የሚከስረው ደላላው ነው። ኮሚሽኑ ወር በወር ትንሽ ትንሽ ተከፋፍሎ የሚከፈል ቢሆን ኖሮ ልጁ አንድ ቤት እንዲቆይ እሱ ራሱ ይሮጥ ነበር።

ሌላም መንገድ ተጠቁሞልኝ ነበር። የልጄ የራሷ መምህር ከክፍል ውጭ በክፍያ ያስጠናል ተባልኩ። እምቢ አልኩ። የመምህር ደመወዝ ለዚህ ኑሮ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ጎን ለጎን ቢያስጠና አልቃወምም። ግን የራሱን ተማሪ? ፈተናውን የሚያወጣውም የሚያርመውም እሱ ነው። መክፈል ያልቻለ ሰው ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ሊደርሰው ነው? ትምህርት ቤቶች ይህን በግልጽ ቢከለክሉ ደስ ይለኛል።

መፍትሔው የተገኘው እድራችን ውስጥ ነው። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ከእኛ ሁለት ብሎክ አልፎ ይኖራሉ። ስንት ለቅሶ ላይ ድንኳን አብረን ተክለናል፤ ሥራቸው ምን እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ጋሼ የመጀመሪያ ቀን መጽሐፍ አልገለጡም። «የወደቅሽበትን ፈተና አምጪው» አሏት። አንድ ጥያቄ መርጠው «በይ፣ አሁን አንቺ አስተምሪኝ» አሉ። ገና ሳትጀምር ቆመች። ያቆማት ፊዚክሱ አልነበረም፤ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲነግሯት ግማሹን ራሷ ሠራችው። ቀጥሎ ክፍልፋይ ላይ ተደናቀፈች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ክፍልፋይ ብቻ ሠሩ። አልዋሽም፣ ውስጤ እያረረ ነበር። ለ11ኛ ክፍል ከፍዬ የ6ኛ ክፍል ትምህርት! ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሌላም ነገር አዘዙን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ ልጄ እንደ ብዙዎቹ መጽሐፉን ስልኳ ላይ ነው የምታነበው፣ በፒዲኤፍ። የሚሠራባቸውን ገጾች ፕሪንት አስደርገን ስልኩን ሌላ ክፍል እንድናስቀምጥ አደረጉ። ቴሌግራሙ በየደቂቃው ጢን ሲል ማን ያጠናል?

ተአምር አልመጣም። የመጨረሻው ፈተና ከ20 11 ነው። ግን 11ዱ የራሷ ነው።

አስጠኚ ለሚፈልግ ወላጅ የምለው ይህን ነው፦ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡና እስክሪብቶው በማን እጅ እንደሆነ እዩ። ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ ቅዳሜ ተዘግተው የሚውሉ ክፍሎቻቸውን ቢከፍቱልን፣ እንደ ጋሼ ያሉ ጡረተኞች ለብዙ ልጅ ይደርሱ ነበር።

እኛ ለጊዜው ኮሚናሉን፣ የኮንዶሚኒየሙን የጋራ ቤት፣ ተጠቅመናል። አምስት ልጆች ሆነዋል፣ ክፍያውን እንካፈላለን። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ቦታውን የፈቀደልን ለቅሶ ወይም ሠርግ ከመጣ እንድንለቅ አስማምቶ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ነበረና ጋሼ ልጆቹን ደረጃው ላይ ደርድረው አስጠኑ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ