ጋሼ፣ ቫይታሚኑን ከመክፈትዎ በፊት

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ «የሚያበረታ ቫይታሚን ላኪልኝ» ብለውኝ ነበር። እልካለሁ። ግን ድካምዎን «እርጅና ነው» ያሉት አልተዋጠልኝም። እቴቴ እንደነገረችኝ ከቅዳሴ ሲመለሱ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ነው ትንፋሽዎን የሚሰበስቡት። ዓምና እኮ ከፊት ከፊት እየሄዱ ነበር የሚያስከትሉን። እርጅና በአንድ ዓመት እንዲህ አያወርድም።

የጠረጠርኩትን ልንገርዎ። ለስኳሩ የሚወስዱት ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12ን ከምግብ እንዳይወስድ ሊያደርግ ይችላል። ለጨጓራ የሚውጡት ኦሜፕራዞልም እንደዚሁ። ቢ12 ደግሞ ያለው ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ውስጥ ነው፤ ሽሮና ምስር ውስጥ የለም። እርስዎ አንድም ጾም አያልፍዎትም። ይተዉ አልልም፤ ብልስ መቼ ይሰሙኛል! ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያጠራቅም ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ሲያልቅ ግን ድካም፣ መርሳት፣ የእግር መደንዘዝ ይመጣል። «እግሬን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል» ብለውኝ የለ? ስኳሩም ይህን ያደርጋል፤ ስለዚህ በግምት አይለይም። ቢ12 ሆኖ ከተገኘ መርፌ ወይም ኪኒን አለው።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለጉልበትዎ ከፋርማሲ የሚገዙትን ዳይክሎፌናክ እንዳይረሱት፤ እሱ ጨጓራ ያደማል። የደም መጠን፣ ቢ12፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ፣ ኩላሊትና የሦስት ወሩ ስኳር ይታይልዎ። ለወንድ ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም መለኪያ ከ13 ካነሰ ደም ማነስ ነው። ምክንያቱ የብረት እጥረት ከሆነ ግን የብረት ኪኒን ብቻ ተቀብለው እንዳይመለሱ። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ብረት ሲያጣ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል መፈተሽ አለበት። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደረትዎን ከጨነቀዎ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጎረቤት «ግሉኮስ ይሰቀልልዎ» ማለቱ አይቀርም። 5 በመቶ የሚባለው አንድ ሊትር ግሉኮስ 50 ግራም ስኳር አለው። ለስኳር በሽተኛ!

ሌላም አለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየነቁ እንደሚያነጉ አውቃለሁ። ሐዘንና እንቅልፍ ማጣትም ጉልበት ይጨርሳሉ። ለእኔ ባይነግሩኝ እንኳ ለሐኪሙ ይንገሩት።

ቫይታሚኑ በሰው እጅ ይመጣል። ለምርመራው ደም ሳይሰጡ ግን እንዳይጀምሩት። ውስጡ ያለው ቢ12 ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል፤ ባዮቲን የሚባለው ደግሞ የታይሮይዱን ውጤት ያሳስታል። እቴቴ ሐሙስ ጠዋት ትወስድዎታለች፤ ተነጋግረናል። ውጤቱን በቴሌግራም ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ልጅዎ