የሶፍትዌር ንድፍ ክበብ፦ ስክሪንን በወረቀት፣ በካርቶንና በላሜራ

የክበባት ዘገባ፣ ከክበቡ ተጠሪ መምህር

ክበባችን ኮድ ከመጻፉ በፊት የሶፍትዌሩን ገጽ በወረቀትና በካርቶን ሠርቶ ደንበኛው በእጁ እየነካ እንዲሞክረው ያደርጋል። ዘንድሮ ለሦስት ደንበኞች ሠርቷል፤ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ ለአንድ የሰፈር እድርና ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለች ባለ 12 ክፍል ፔንሲዮን። የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ አልቆ አገልግሎት ላይ ውሏል። የእድሩ ገና ወረቀት ላይ ነው። የፔንሲዮኗ ደግሞ ከላሜራ ሰሌዳ አልወረደም፤ ላይወርድም ይችላል። ዓመቱን ሙሉ በአባላቱ እጅ ከኮምፒውተር ይልቅ መቀስና እርሳስ የታየው ለምን እንደሆነ ብዙ ወላጆች ጠይቀዋል። ይህ ዘገባ ለእነሱ መልስ፣ ለመጪው ዓመት አባላት ደግሞ መመሪያ እንዲሆን የተጻፈ ነው።

ዋናው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ተማሪ ደክሞ በኮምፒውተር ያሳመረውን ገጽ ለአንድ ትልቅ ሰው ቢያሳይ የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ «እደጉ፣ ተመንደጉ!» ያለቀ የሚመስል ነገር ላይ ስህተት መንቀስ፣ ያውም የልጆችን ልፋት፣ ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ስህተቱ የሚወጣው ኮዱ ተጽፎ ካበቃ በኋላ፣ ደንበኛው ሊሠራበት ሞክሮ ሲቸገር ነው። ጠርዙ ለተንጋደደ፣ በእርሳስ ለተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ግን ማንም አይራራም። ደንበኛው እጁን ይዘረጋና «ይኼ እዚህ ምን ያደርጋል?» ብሎ ያነሳዋል። የምንፈልገው ይህንኑ እጅ ነው። ስለዚህ ክበቡ አንድ ደንብ አለው፤ ስልኩን የሚወክለው የካርቶን ፍሬም በማስመሪያ ይለካል፣ በውስጡ የሚገባው ሁሉ ግን በእጅ ይጻፋል። ቀለምም አይነካም፤ ቀለም የገባበት ወረቀት ያለቀ ይመስላልና።

ዘዴው የእኛ ፈጠራ አይደለም። በ1981 እ.ኤ.አ. ስካንዲኔቪያ ውስጥ ዩቶፒያ በተባለ ፕሮጀክት ተመራማሪዎችና የሕትመት ሠራተኞች ማኅበር ገና ያልነበሩ የኮምፒውተር መሣሪያዎችን በወረቀትና በካርቶን ሠርተው ሞክረዋል፤ «ሌዘር ፕሪንተር» ተብሎ የተጻፈበት ባዶ ካርቶን ሳይቀር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አሜሪካ፣ ቤልኮር በተባለ የቴሌኮም ምርምር ድርጅት ውስጥ ማይክል ማለር ፒክቲቭ ያለውን አሠራር አቀረበ፤ ደንበኛውና ሠሪው አንድ ጠረጴዛ ከብበው የፕላስቲክና የወረቀት ቁራጮችን እያንቀሳቀሱ ስክሪኑን አብረው ሲነድፉ ካሜራ ይቀርጻቸዋል። እኛም ስልክ ከወንበር ጀርባ ላይ አስረን ወደ ታች እናስቀርጻለን። ፊት አይቀረጽም፤ የሚያስፈልገው እጅና ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። የስልኩ ፍሬም የሚቆረጠው ከሳሙና ካርቶን ነው። ክፍቱ 13 በ29 ሴ.ሜ. ሲሆን ይህ 6.5 በ14.5 ሴ.ሜ. የሆነ የስልክ ስክሪን እጥፍ ነው። በልኩ ከተሠራ አንድ ሰው ብቻ ያየዋል፣ ቁራጮቹም ለጣት ያንሳሉ። ከእጥፍ በላይ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው በስልክ የማይገባ ነገር ሁሉ እንዲገባለት ይጠይቃል። በዙሪያው 3 ሴ.ሜ. ካርቶን ይተዋል፤ ከዚያ ከቀጠነ በሁለተኛው ቀን ይታጠፋል። ክፍቱን በመቀስ ማውጣት ጠርዙን ስለሚያጎድፈው፣ በማስመሪያ ተይዞ በምላጭ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሰመራል።

ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21 ሴ.ሜ. ነው። 14 ሴ.ሜ. ላይ ሲቆረጥ ከፍሬሙ ሥር የሚያልፈው ጥብጣብ ይገኛል፤ ከክፍቱ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ስለሚተርፍ ጠርዙ አይታይም። የቀረው 7 ሴ.ሜ. ለአዝራርና ለመጻፊያ ሳጥን ይሆናል፤ የሚጣል ወረቀት የለም። ገጹ ከክፍቱ ከረዘመ ጥብጣቦቹ ይቀጠላሉ፣ ከፍሬሙ ሥርም ወደ ላይ ይሳባሉ። ፕላስተሩ የሚለጠፈው በጀርባ በኩል ነው። በፊት ከተለጠፈ ካርቶኑ ላይ ይያዛል፣ እርሳስም አይጽፍበትም።

በጣት የሚነካ ማንኛውም ነገር በእውነተኛው ስልክ ላይ ከ9 ሚ.ሜ. ባያንስ ይመከራል፤ በእኛ እጥፍ ልክ 18 ሚ.ሜ. ይሆናል። አባላቱ 2 ሴ.ሜ. አድርገው ይቆርጣሉ፤ ሚሊ ሜትር ሲቆጠር ጊዜ ይሄዳል። ፊደል ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከ5 ሚ.ሜ. ቁመት እንዳያንስ ወስነናል። የላቲን ፊደል ትንሽ ሆኖም ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ሱ ከሲ፣ ሙ ከሚ የሚለየው በቅጥሏ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሲያንስ ይምታታል። በእንግሊዝኛ የተሠራን ገጽ ቃሉን ብቻ ቀይሮ ወደ አማርኛ ማምጣት የማያዋጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንዲት ካርድ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አገልግላለች፤ 13 በ11 ሴ.ሜ. የሆነችው የኪቦርድ ካርድ። ደንበኛው የመጻፊያ ሳጥን ሲነካ ካርዷ ከታች ትገባና ከስክሪኑ አንድ ሦስተኛ በላይ ትሸፍናለች። ከታች የተቀመጠው የማስቀመጫ አዝራር ያኔ ይጠፋል። የቤተ መጻሕፍቱም የእድሩም ሥራ በመጀመሪያው ቀን በዚሁ ወድቀዋል። ካርዷ ባትኖር ኖሮ ይህን የምናውቀው ኮድ ከተጻፈ በኋላ ነበር።

ማጣበቂያን በተመለከተ፦ ባለ 76 ሚ.ሜ. ስቲኪ ኖት (ጀርባው ላይ ስስ ማጣበቂያ ያለው የማስታወሻ ወረቀት) ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጠመኔ ብናኝ ስላለ ከሁለት ጊዜ በላይ አይይዝም። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግና ማድረቅ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይሻላል። ስቲኪ ኖቱ ከጥራዙ ሲነሳ ከታች ወደ ላይ ከተሳበ ይጠቀለላል፣ ከዚያም አየር ይገባውና ይወድቃል፤ ከጎን ወደ ጎን መላጥ ነው። ስቲኪ ኖት ሲያልቅ ተራ ፕላስተር ይተካዋል። መጀመሪያ ልብስ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ ይደረግና ኃይሉ ሲቀንስ ቁራጩ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱን ሳይቀድ ይነሳል። ደንበኛው የሚጽፍበት ቦታ ላይ የደብተር መሸፈኛ ፕላስቲክ ይወጠራል። በዋይትቦርድ ማርከር ይጻፍበታል፣ በጨርቅ ይጠፋል። ሳይጠረግ ካደረ ግን ቀለሙ ወደ ፕላስቲኩ ይገባና አይለቅም።

የእድሩ ሥራ የጀመረው ከመዝገቡ ነው። ጸሐፊው መዝገባቸውን ይዘው መጡና እንደ ወትሯቸው አንድ ክፍያ መዘገቡ፤ አባላቱ ምንም ሳይጠይቁ አዩ። እጃቸው የነካውን እያንዳንዱን ዓምድ አንድ ተማሪ በአንድ ቁራጭ ላይ ገለበጠ። ይህ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ቁራጮቹ ጠረጴዛ ላይ ተበተኑ፤ «ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚመችዎ ያስቀምጧቸው» ተባለ፤ ተማሪዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። አንድ አባል «ይኼ እዚህ ቢሆንስ?» ካለ ይሉኝታው ተመልሶ ይመጣል፣ ደንበኛውም «እሺ፣ ይሁን» ይላሉ።

ጸሐፊው መጀመሪያ ያስቀመጡት ስም ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ነበር። ስም ይመሳሰላል፤ እስከ አያት ካልተጻፈም አይለይም። ቁጥሩ የግለሰብ ሳይሆን የቤት ነው፤ አባወራው ሲያርፍ በዚያው ቁጥር ሚስት ትቀጥላለች። በእንግሊዝኛ ቅጽ የለመድነው «ስም፣ የቤተሰብ ስም» አከፋፈል እዚህ ምንም አይረዳም። ገጹ በቁጥር ይከፈታል፣ ስሙ ከነአባትና ከነአያት ከሥር ይታያል፣ ያለፈው ባለ ቁጥር ስምም አይሰረዝም። ይህ ሁሉ የታወቀው ከሁለት ቁራጭ ወረቀት አቀማመጥ ነው።

አዝራሩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ግማሽ ክፍለ ጊዜ ወስዷል፤ አይቆጭም። «መዝግብ» ለትልቅ ሰው ትእዛዝ ይሆናል፣ ጸሐፊዋ ሴት ብትሆን ደግሞ ስህተት ነው። «ይመዝግቡ» ትሕትና አለው፣ ግን ሁሉም አዝራር በዚህ መንገድ ሲጻፍ ገጹ ይሞላል። «መመዝገቢያ» ቦታን እንጂ ድርጊትን አይናገርም። ሦስቱ በሦስት ቁራጭ ላይ ቀረቡ፤ አራተኛው ቁራጭ ባዶ ሆኖ ከእርሳስ ጋር ተቀመጠ። ጸሐፊው ባዶውን አንስተው «ተከፍሏል» ብለው ጻፉ፤ ደረሰኝ ላይ የሚታወቀው ቃል ነው፤ ወንድ ሴት፣ አንተ እርስዎ የለውም። አማራጭ ሲቀርብ ባዶ ቁራጭና እርሳስ እንዳይረሳ ለመጪው ዓመት አባላት አጥብቀን እንናገራለን።

ሙከራው የሚካሄደው በሦስት ተማሪ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ይሆናል፤ አይናገርም፣ ደንበኛው በጣት ሳይነካ ምንም አያንቀሳቅስም፣ ሲነካ ደግሞ የሚመጣውን ቁራጭ ብቻ ያኖራል። ሁለተኛው ደንበኛው እንዲሠራ የሚጠየቀው የተጻፈበትን የሥራ ካርድ ያነባል። ሦስተኛው ይጽፋል፤ በተለይ ጣት አየር ላይ የቆመበትን ቦታ። የሥራ ካርዱ ውስጥ አዝራሩ ላይ ያለው ቃል መግባት የለበትም። አዝራሩ ላይ «መዝግብ» ተጽፎ ሳለ «የጥርን መዋጮ መዝግቡ» የሚል ካርድ ከቀረበ ደንበኛው ያንኑ ቃል ፈልጎ ይነካል፤ የተፈተነው ንባቡ እንጂ ገጹ አይደለም። የሚሻለው «አንዲት አባል 100 ብር ይዘው መጡ፤ የታኅሣሥና የጥር ነው አሉ» የሚለው ዓይነት ነው። ይቺ ካርድ ስትነበብ ገጹ አንድ ወር ብቻ እንደሚያስመርጥ ወዲያው ታየ። ወሮቹም ከዝርዝር ወደ ሰንጠረዥ ተለወጡ፣ በአንዴም ሁለት ሦስት ይነካሉ።

የፔንሲዮኗ ጉዳይ ሌላ ነው። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን ከከተራ በፊት ጀምሮ ትሞላለች፤ አንድ ክፍል ለሁለት እንግዳ ከተሰጠ ለሌሊት ማሳደሪያ የሚገኝ ቦታ የለም። ስለዚህ ለክፍል ምዝገባው ሰሌዳ 100 በ50 ሴ.ሜ. ላሜራ ተቆርጦ፣ ሹል ጠርዙ ታጥፎ በፕላስተር ተሸፈነ። ወደ ታች 12 ክፍሎች በ4 ሴ.ሜ.፣ ወደ ጎን 8 ሌሊቶች በ10 ሴ.ሜ. ተሰመሩ፤ ለክፍል ቁጥሩ 15 ሴ.ሜ. ተተወ። በሰሌዳው ላይ እንግዳውን የሚወክለው ከአሮጌ ፍሪጅ በር ጎማ ውስጥ የሚወጣው ማግኔት ነው። ሦስት ሌሊት የሚያድር እንግዳ 30 ሴ.ሜ. ቁራጭ ያገኛል፣ ስሙ በፕላስተር ላይ ይጻፋል።

በመጀመሪያ ቁራጩ ከቀኑ መነሻ እስከ ቀኑ መጨረሻ ይቀመጥ ነበር። ባለቤቷ ግን ጠዋት በሚወጣው እንግዳ ክፍል ከሰዓት ሌላ ያስገባሉ፤ ሰሌዳው ደግሞ ቀኑ ተይዟል ይላል። መፍትሔው ቁራጩን ከሳጥኑ መሐል ጀምሮ እስከ ሳጥኑ መሐል ማኖር ሆነ። የሚወጣው ግማሹን፣ የሚገባው ግማሹን ይይዛል። የፍሪጅ ማግኔት ዋልታዎቹ በቀጫጭን መስመር የተደረደሩ ስለሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይዘላል፤ ድርብ ምዝገባው በእጅ ይታወቃል። ባለቤቷ ሰሌዳውን ከጠረጴዛቸው ጀርባ ሰቀሉትና «ይኸው በቃኝ» አሉ። ይህም ውጤት ነው። አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ የሚሠራውን ሥራ ወደ ሶፍትዌር ማስገባት ሁልጊዜ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል፤ የውጭ እንግዳ በስልክ «8 ሰዓት» ሲል በእኛ ቆጠራ 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ቁራጩ ላይ ሁልጊዜ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ ይጻፋል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሥራ ቶሎ ያለቀው ማዋስና መመለስ ሁለት ገጽ ብቻ ስለሆነ ነው፤ የድረ ገጽ መጻፊያ በሆነው በኤችቲኤምኤል ተሠርቷል።

ወረቀት የማያሳየውም አለ። ኔትወርክ ሲዘገይ ደንበኛው አዝራሩን ደጋግሞ እንደሚነካ አያሳይም። በፊደል መጻፍ ስልክ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድም አያሳይም፤ በእርሳስ ሁሉም ፈጣን ነው። ፀሐይ ላይ ይነበብ እንደሆነም አይታወቅም። ስለዚህ ከኮድ በፊት አንድ ደረጃ ጨምረናል፤ እያንዳንዱ ጥብጣብ ከላይ ፎቶ ይነሳና ስልኩ ላይ ሙሉ ስክሪን ሆኖ ይከፈታል። ደንበኛው ደጅ ወጥተው፣ ስልኩን በአንድ እጅ ይዘው፣ በአውራ ጣት አዝራሩ ላይ ለመድረስ ይሞክራሉ። የማይደርሱበት አዝራር ያን ቀን ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ይዛወራል።

ሁሉም ሥራ በካኪ ፖስታ ተቀምጧል፤ አንድ ገጽ በአንድ ፖስታ። የቁራጮቹ ጀርባ ላይ የገጹ ቁጥርና ፊደል በእርሳስ ተጽፏል፤ 3ሀ፣ 3ለ እያለ። ቁጥር ያልተጻፈበት ቁራጭ ከሁለት ሳምንት በኋላ የየትኛው ገጽ እንደሆነ ማንም አያውቀውም። በመስከረም ሥራ ለመጀመር አንድ ደስጣ ኤ4 ወረቀት፣ 4 እርሳስ፣ 2 ጥቅል ፕላስተር፣ አንድ ሜትር የደብተር ፕላስቲክና ሁለት ካርቶን ይበቃል።

ከእድሩ ፖስታዎች ውስጥ 3ኛው አልተዘጋም። የወሮቹ ሰንጠረዥ 13 ሳጥን አለው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ስለሆነች መዋጮ አለባት ወይስ የለባትም የሚለው ጥያቄ የተነሳው ሳጥኗ ወረቀቱ ላይ ስለታየች ነው። ጸሐፊው ብቻቸውን አልወሰኑም። ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪወስን በ13ኛው ሳጥን ላይ ባዶ ቁራጭ ተለጥፎበታል።