ስልክ ላይ የሰሙት ጩኸት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ፣ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጁ ጥርስ አብቅሎ ሁሉን ነገር እየነከሰ ነው። ብርዱም ለቀቅ አድርጎናል።

ባለፈው ቅዳሜ ስንደዋወል «ምንድነው የሚጮኸው? ጦርነት ነው እንዴ?» እንዳሉኝ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብሞክርም እምቢ አለኝ። በማግስቱ አጭር መልእክት ልኬ አረጋጋኋችሁ፤ ነገሩ ግን በአጭሩ የሚያልቅ አይደለም። አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ ብዬ ነው። የማማክርዎትም ነገር አለ።

ጦርነት አይደለም አባባ። የከተማችን እሳት አደጋ ጣቢያ ሳይረን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይሞክሩታል። እናንተ ጋ ያኔ ማታ 1 ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ የምደውለው ሁሌ በዚያች ሰዓት ነው። እስራኤል ያለችው የአክስቴ ልጅማ አንድ ቀን በስልክ ሰምታው «ሩጪ! መጠለያ ግቢ!» ብላ ጮኸችብኝ። እነሱ ጋ ሳይረን ከጮኸ ሮኬት እየመጣ ነው ማለት ነው። እኔ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነበር።

ያለንበት ላንካስተር ካውንቲ (እንደ እኛ አገር ወረዳ ያለ ነው)፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው። እርሻ የበዛበት አገር ነው። የእኛ ከተማ ደሞዝ የሚከፈለው እሳት አጥፊ የላትም። አንድም። አዲስ አበባ 939 ተደውሎ የሚመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። እዚህ ግን 911 ሲደወል ጥሪው የካውንቲው ማዕከል ይገባል፣ ከዚያ በሬዲዮ ሳይረኑን ያስነሱታል። ሳይረኑ ሲጮህ መካኒኩ ከመኪና ሥር ይወጣል፣ ገበሬው ትራክተሩን ያቆማል፣ የተማሪ አውቶቡስ ሹፌሩም ከእራቱ ይነሳል። በየመኪናቸው ሰማያዊ መብራት እያበሩ ወደ ጣቢያው ይከንፋሉ። መብራቱ «እባካችሁ አሳልፉኝ» ለማለት ነው እንጂ ቀይ መብራት ለመጣስ አይፈቅድላቸውም። መጀመሪያ አገሩ ሁሉ ያበደ መስሎኝ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከሦስት እሳት አጥፊዎች ሁለቱ ገደማ እንዲህ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ልማዱ የቆየ ነው። ቅዳሴ የምንሄድባት ፊላደልፊያ ውስጥ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልዎ) ጎረቤቶቹን ሰብስቦ የእሳት ማኅበር አቋቁሞ ነበር። ያኔ ሰው የሚጠራው በደወል ነው። በኋላ ደግሞ በየመንደሩ የባቡር ጎማ ብረት ሰቅለው በመዶሻ ይደበድቡ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ በሳይረን ተተካ።

የእኛ ሳይረን በ1950ዎቹ ኢሊኖይ ግዛት የተሠራ ነው። ፌደራል የሚባለው ኩባንያ ስም ያለበት ታርጋ አለው፤ ቀለም ተቀብቶ ተቀብቶ ፊደሉ ሊጠፋ ደርሷል። ባለፈው መኸር ግራሶ ሊያጠጡት ከጣሪያ ያወረዱት ቀን ባለቤቴና እኔ ልጁን ይዘን ሄደን አየነው። ጡረታ የወጣ አንድ መካኒክ ወንፊቱን ፈትቶ እጁን ሰደደና አንድ እቅፍ ጭራሮ አወጣ። የወፍ ጎጆ ነው። ውስጡ ላባና የከረሜላ ወረቀት ነበረበት። ሰውየው ሳቅ ብሎ «በየዓመቱ ነው» አለ።

እርስዎ ማሽን ስለሚወዱ አሠራሩን ልንገርዎ። ድምፅ ማጉያ የሚባል ነገር የለውም። ሞተር አለ፤ ሞተሩ ላይ ክንፍ ያለው ክብ ብረት ተገጥሟል። ዙሪያውን መስኮት መስኮት አለው፤ ከውጭ የሚከድነውም ብረት እንደዚያው። ክቡ ብረት ሲዞር አየር ይስባል። አየሩ በመስኮቶቹ ሊወጣ ሲል ይከፈትለታል፣ ወዲያው ይዘጋበታል። ጩኸቱ ያ የተቆራረጠ አየር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። 12 መስኮት ያለው ብረት በደቂቃ 3450 ጊዜ ሲዞር አየሩን በሰከንድ 690 ጊዜ ይቆርጠዋል። ከታች ጀምሮ ሽቅብ የሚወጣው ሞተሩ ፍጥነት እስኪይዝ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋበት ደግሞ በራሱ ጉልበት እየዞረ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስልክ ላይ ያስደነገጠዎት ያ አወራረዱ ሳይሆን አይቀርም።

ጦርነት ነው ብለው መጠየቅዎም ያለ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ሳይረኖች የተሰቀሉት ሩሲያ ቦምብ ትጥላለች ተብሎ በተፈራበት ዘመን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጣ ሕግ ነበር፤ በዚያ መሠረት የፌደራሉ መንግሥት ከወጪው ግማሹን ይችልላቸው ነበር። ትንንሾቹ ከተሞች ታዲያ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መቱ፤ አንዱ ሳይረን ለእሳትም ለቦምብም ሆነ። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ ሦስት ደቂቃ ከጮኸ የቦምብ ነው። ክራይስለር የመኪና ፋብሪካ ደግሞ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የመኪና ሞተር የገጠመለት ሳይረን ሠርቶ ነበር። 30 ሜትር ርቀት ላይ 138 ዴሲቤል ነው ጩኸቱ፤ ጆሮ ያሳምማል። ዛሬ እነዚያን አሮጌ ሳይረኖች የሚሰበስቡ፣ ቀለም ቀብተው መልሰው የሚያስጮኹ ሰዎች አሉ። ፈረንጅ የማይሰበስበው ነገር የለም።

በሥራ ቦታዬ የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት አሉ። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት ሳይረን ሲጮህ ዴስክ ሥር ተደበቁ ይባሉ እንደነበር አጫውተውኛል። ካደጉ በኋላ ራሳቸው እሳት አጥፊ ሆነው ኖረዋል። አሁን የልጃቸውን ስም አንዳንዴ ይረሳሉ። ሳይረኑ ሲነሳ ግን ከወንበሩ ለመነሳት ይታገላሉ፣ «ቦቲዬን፣ ቦቲዬን የት አደረጋችሁት?» ይላሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች «ሙከራ ነው፣ ይቀመጡ» ይሏቸዋል። እኔ «መኪናው ሄዷል፣ በቂ ሰው ደርሷል» ስላቸው ነው የሚረጋጉት።

አሁን ይህ ሳይረን ከቦታው ይወገድ የሚል ክርክር ተነስቷል። ከትልቅ ከተማ ቤት ገዝተው የመጡ ሰዎች ናቸው የጀመሩት። እውነት የላቸውም አልልም። ሌሊት 9 ሰዓት ሲጮህ ልጁን መልሶ ማስተኛት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እሳት አጥፊዎቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ጥሪ መቀበያ አለ፤ አሁን ደግሞ ስልካቸውም ይጮሃል። እሳቱ የት እንደሆነ ሳይቀር ይነግራቸዋል፤ ሳይረኑ ይህን አይችልም። አንዳንድ ጣቢያ ሌሊት ዝም እንዲል አድርጎ ሁሉን አስታርቋል፣ የእኛም እንደዚያ ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ጨርሶ መወገዱን ግን አልደግፍም።

ለምን አይሉኝም? እርስዎ የእድር ዳኛ ነዎት። ጡሩንባው ገና ጎህ ሳይቀድ ሲነፋ ሟቹን የማያውቀውም ሰው ብድግ ይላል። ዛሬ ለእድርተኛው ሁሉ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። ግን ቴሌግራሙ የሚደርሰው ለአባሉ ብቻ ነው፤ ጡሩንባው ለሰፈሩ ነው። ይህም ሳይረን እንደዚያ ነው። ጥሪ መቀበያው ሃያ ሰው ይጠራል፤ ሳይረኑ እኔን፣ ፖስታ አዳዩን፣ መንገድ የሚያቋርጠውን ልጅ «ዛሬ የሰው ቤት ተቃጥሏል» ይለናል። ልዩነቱ እዚህ የቀረ ሰው ቅጣት የለበትም። እናም እየቀሩ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2018 እንዳለው፣ በ1970ዎቹ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ወደ 300,000 በጎ ፈቃደኛ ነበር፤ 38,000 ገደማ ቀርቷል። ሰዉ ሥራው ሩቅ ነው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራም አለ። ሳይረኑ ጮሆ ጮሆ መኪናው የሚወጣው በሦስት ሰው ነው።

እዚህ አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች አሉ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱት። እነሱ እንኳ እሳት አጥፊ ይሆናሉ። መኪና መንዳት ሃይማኖታቸው አይፈቅድም፤ በእሳት አደጋው መኪና ግን ተሳፍረው ይሄዳሉ። በፈረንጆቹ ማርች፣ በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ሲሆን፣ ለጣቢያዎቹ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ትልቅ ጨረታ ያደርጋሉ። ጎርደንቪል የሚባለው ጋ ሄደን ነበር። ፈረስ፣ ጋሪ፣ የእርሻ ዕቃ፣ ሴቶቹ በእጅ የሰፉት የአልጋ ልብስ፣ የማይሸጥ የለም። ዶሮ በከሰል ይጠበሳል። እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ሽታውን ብቻ ጠግበን ተመለስን።

እንግዲህ ላማክርዎ ያልኩት ይኸውልዎ። ባለቤቴ ሊመዘገብ ነው። ቅጹን ወስዷል። ወራት የሚፈጅ የማታና የቅዳሜ ሥልጠና አለው፤ ያንን ሳይጨርስ እሳት ውስጥ አያስገቡትም። ደሞዝ የለውም። እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ልጅ አለን፣ የቤት ዕዳ አለብን አልኩት። እሱ ደግሞ «እኛስ ቤታችን ቢቃጠል ማን የሚመጣ መሰለሽ?» አለኝ። አባትሽ ስንት ዓመት የሰው ድንኳን ሲተክሉ ኖረው የለ ወይ ብሎም ጨመረበት። አፌን ያዘኝ። እርስዎ ምን ይላሉ? ይቅር ካሉ እነግረዋለሁ፣ የእርስዎን ቃል አያልፍም።

ለእማማ ግን እርስዎ ይንገሯት፣ እሳት የሚለውን ቃል መጨረሻ ላይ አድርገው። እኔ በስልክ ብነግራት ሌሊቱን አትተኛም። ለጉልበቷ የሚቀባ መድኃኒት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ ነው፣ ቀብታ ወዲያው ብርድ እንዳትወጣ። ፖስታው ውስጥ ካለው ብር ላይ የእድሩን መዋጮ ይክፈሉልኝ፣ የቀረው ለቤት ይሁን። ቅዳሜ ስደውል ሳይረኑ ከጮኸ ስልኩን አይዝጉት፤ አንድ ደቂቃ ይታገሱት፣ ያልቃል።

ልጅዎ
ከፔንሲልቬንያ