ከኦፓል ዋሻ የሚጣለው ድንጋይ ይመርመር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በወሎ፣ በወገል ጤና ዙሪያ ባሉት የደላንታ ገደሎች ኦፓል መገኘቱ ከተሰማበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ዕንቁው ብዙ ተብሏል፤ ዕንቁው ሲወጣ ወደ ገደሉ ስለሚወረወረው ድንጋይ ግን የሚነገረው በጣም ጥቂት ነው። ኦፓሉ የተኛው በወፋፍራም የእሳተ ገሞራ አለቶች መካከል ባለ ስስ ንብርብር ውስጥ ስለሆነ፣ ወጣቶቹ በዶማና በመዶሻ እየፈለፈሉ ከሚያወጡት ውስጥ አብዛኛው ተጥሎ ይቀራል። ከዋሻው አፍ ቁልቁል የተንሸራተተው ክምር ነጣ ያለ፣ ሲያሹት ዱቄት የሚለቅ፣ አልፎ አልፎም ቀለም የማይጫወትበትና ገዢ የማያገኝ የኦፓል ስባሪ የሚታይበት ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይጠርገዋል።

ይህ ክምር በሲሚንቶ ምትክ የሚገባ ግብዓት ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር በ1450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ተቃጥለው ክሊንከር ከሆኑ በኋላ ከጂፕሰም ጋር በመፍጨት ነው። አንድ ቶን ክሊንከር ሲመረት 800 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ የሚለቀቅ በመሆኑ ነዳጅ በመቀየር ብቻ አይወገድም። በአገራችን ፒፒሲ የምንለው ሲሚንቶ የክሊንከሩ ከፊል በፑሚስና በመሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተተካ ነው፤ ሮማውያንም የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ቀላቅለው የባሕር ወደብ ሠርተዋል። የማያያዙን ሥራ የሚሠራው ክሪስታል ያልሆነው፣ ማለትም ውስጣዊ አቀማመጡ በሥርዓት ያልተደረደረው ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ነው፤ ከኖራና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ኦፓል ደግሞ ውሃ ያዘለ እንዲህ ያለ ሲሊካ ነው።

ሆኖም አጥብቄ ላሳስብ የምወደው ነገር አለ። ይኸው ኦፓል ሳይፈጭ፣ እንደ ጠጠር ወይም እንደ አሸዋ በኮንክሪት ውስጥ ከገባ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ (የሶዲየምና የፖታሲየም ውህድ) ጋር ተዋህዶ ውሃ እየሳበ ያብጣል፤ ከዓመታት በኋላም ግንባታውን ይሰነጥቃል። በመሆኑም ክምሩን በገልባጭ ጭኖ ለብሎኬት ማምረቻ መሸጥ አደገኛ ነው። የሚጠቅመው እንደ ሲሚንቶ ደቅቆ፣ በተመጠነ መጠን ሲገባ ብቻ ነው። «የትኛውም ድንጋይ ከተፈጨ ሲሚንቶ ይሆናል» የሚሉም አሉ፤ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ ደሴንና ኮምቦልቻን የከበበው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ክሪስታል ስለሆነ፣ የጠጠር ማምረቻዎች ብናኝ ክፍተት ይሞላል እንጂ እምብዛም አያያይዝም።

ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተለያዩ ዋሻዎች ናሙና እንዲወስድ እጠይቃለሁ። የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይዱ ድምር 70 በመቶ መድረሱ፣ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ክሪስታል እንደሆነ፣ ሸክላ አፈር መቀላቀሉም ይታይ። ጥንካሬው በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ብቻ ሳይሆን በ90ኛው ቀንም ይለካ፤ እንዲህ ያለ ድንጋይ ዘግይቶ የሚበረታ ነውና በ28ኛው ቀን ብቻ ቢፈረድበት ፍርዱ የተዛባ ይሆናል። የማበጥ ፈተናው ግን በምንም ምክንያት መዘለል የለበትም። ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ አጀማመሩ በልስን፣ በግድግዳ ብሎኬትና በእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይሁን፤ ዓምድና ሶሌታ ይቆዩ። መፍጨቱ መብራት ይበላል፣ ከደላንታ ተራሮች ማውረዱም ወጪ አለው፤ ይህም ከምርመራው ጋር አብሮ ይሰላ።

ከሁሉ በፊት ግን ክምሩ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። በዋሻው ውስጥ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ድንጋዩን ያወጡት በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። ዋጋ እንዳለው ሲታወቅ ፈቃዱ ከሩቅ ለመጣ ባለሀብት ተሰጥቶ እነርሱ የቀን ሠራተኛ እንዳይሆኑ፣ የወረዳውና የዞኑ የማዕድን ጽሕፈት ቤቶች የመጀመሪያው ናሙና ከመወሰዱ አስቀድሞ ከማኅበራቱ ጋር ውል እንዲፈራረሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የግንባታ ባለሙያ፣ ከደሴ