የሥነ ጽሑፍና የሥዕል ክበብ፦ ከተጎዱ መጻሕፍት ጋር ያሳለፍነው ዓመት

«መምህር፣ እነዚህን ልጆች መጽሐፍ መቅደድ ሊያስተምሯቸው ነው?» አሉኝ የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ፣ በጥቅምት ወር ከተጎዱ መጻሕፍት ገጾች ግጥምና የወረቀት ቅርጽ የመሥራት ሐሳባችንን ስነግራቸው። ድንጋጤያቸው ተገቢ ነበርና ቃል ገባንላቸው፦ ሊጠገን የሚችል መጽሐፍ ምላጭ አይነካውም። ጥራዙ የላላውን በመርፌና በክር ሰፋን፤ ሽፋን አለበስን። ለክበቡ የቀረው አይጥ የበላው፣ ውኃ የገባበትና ገጹ የጎደለው ብቻ ነው። በሰኔ ስንቆጥር ከቆረጥነው የጠገንነው በልጧል፤ በዚህ እኮራለሁ።

የግጥሙ ሥራ እንዲህ ነው፤ ከታተመ ገጽ ላይ ጥቂት ቃላት ይመረጣሉ፣ ሌላው በጥቁር ቀለም ይሸፈናል፣ የቀሩት በቅደም ተከተላቸው ይነበባሉ። በአማርኛ ግን ይከብዳል። ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ከላይ ጀምረው ያማሩ ስሞችን የለቀሙ ልጆች ታች ሲደርሱ የሚያስር ግስ ያጣሉ፤ ወይም «እሷ» ብለው ጀምረው «መጣ» ይገጥማቸዋል። መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፦ መጀመሪያ ማሰሪያውን ከታች ፈልጎ ወደ ላይ መውጣት። ለፈተና እንኳ አንድን ገጽ ይህን ያህል ደጋግመው ሲያነብቡ አይቼ አላውቅም።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሚያትት የጂኦግራፊ ገጽ ይህን አወጣች፦

ወንዙ ገባ፤
መውጫ የለም፤
ሐይቁ ግን
ጨው አልሆነም።

ሻላና አብያታ መውጫ አጥተው ጨዋማ ሆነዋል። የእኛ የሐዋሳ ሐይቅ ግን የጥቁር ውኃ ወንዝን ይቀበላል፣ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ጨዋማም አይደለም። ለዓመታት በዳርቻው ስመላለስ ነገሩ እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ከተረፈው ወረቀት በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችን፣ ሠራን፤ በዱቄት ሙጫ የተጣበቁት ሁለቱ በግንቦት ዝናብ ሻግተውብናል።

ከሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ግን ሽፋኑ ከጠፋ ልቦለድ የወጣ አንድ ገጽ ነው። «አባቱ አልተመለሰም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሦስት ፊደላት አጠቆረ፤ ከፊት «አል»ን፣ ከኋላ «ም»ን። «አባቱ ተመለሰ» ሆነ። የቀረውን ገጽ በሙሉ በጥቁር ሸፈነው። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም።

ለ2018 ዓ.ም. የሚሆነንን ሣጥን የለዩልን እኒያው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው። በላዩ በእጃቸው «መጀመሪያ ይጠገን» ብለው ጽፈውበታል።